13 ሜትር፦ መንገድ ሰው የሚያድነው እንዴት ነው?

የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር ሬዲዮው የሚለውን በቃላችን እናውቀዋለን። አሽከርካሪዎች ፍጥነት ይቀንሱ፣ እግረኞች በዜብራ ይሻገሩ፣ ሁላችንም እንጠንቀቅ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን በየዓመቱ ይነገራል፣ በየዓመቱም ሰው ይሞታል። አዲስ አበባ ውስጥ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከ10 ሰው 7 ወይም 8 ገደማ ማለት ነው። በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ደግሞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው። ስለዚህ ከሁሉም በላይ አደጋ ላይ ያለው መንገዱን በብዛት የሚጠቀምበት ሰው ነው። መንገዱ ሲሠራ ግን ይህ ሰው ብዙም አልታሰበም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል ቀዳሚው ምክንያትም ይኸው ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 የስዊድን ፓርላማ አንድ ሐሳብ በሕግ ተቀበለ። ሐሳቡ ሲያዩት ቀላል ነው። ሰው ይሳሳታል። ስልኩን ያያል፣ ይቸኩላል፣ ልጅ ኳስ ተከትሎ ይሮጣል። ይህን በምክር ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው ስህተቱ ሞት እንዳያስከትል አድርጎ መንገዱን መሥራት ነው። ከዚያ በኋላ በመንገድ ደኅንነት ሥራ የመጣው ለውጥ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ የሚነሳ ነው። ጥያቄው «ጥፋተኛው ማነው?» ከመሆን ወጥቶ «መንገዱ ይህን ስህተት ለምን ወደ ሞት ቀየረው?» ሆነ።

መልሱ በአብዛኛው ፍጥነት ነው። እስቲ በቁጥር እንየው።

አንድ ልጅ ከቆመ መኪና ጀርባ ድንገት ወጣ እንበል። የሚመጣው መኪና ከልጁ በ13 ሜትር ርቀት ላይ ነው። አሽከርካሪው ንቁ ነው፣ አልጠጣም፣ ስልክም አልያዘም። ሆኖም ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ቢያንስ 1 ሴኮንድ ያልፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ በዚያች ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፍሬን ከያዘ በኋላ ሌላ 5 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ድምሩ 13 ነው። መኪናው ልጁ አጠገብ ሲደርስ ይቆማል። ልጁ ይደነግጣል፣ አሽከርካሪው ይሳደባል፣ ሁለቱም ቤታቸው ይገባሉ።

በ40 የሚመጣ ከሆነስ? 11 ሜትር የሚሆነው እግሩ ፍሬን ላይ ሳያርፍ ያልቃል። ልጁን የሚመታው ወደ 35 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። በ50 ከሆነ ደግሞ በዚያች 1 ሴኮንድ ብቻ 14 ሜትር ይሄዳል። ፍሬኑን ገና ሳይነካው ልጁን በሙሉ ፍጥነቱ ይመታዋል ማለት ነው። መኪናው ለመቆም ጠቅላላ የሚያስፈልገው 28 ሜትር ነበር፤ በ60 ሲሆን 37 ሜትር ይደርሳል። ይህ ሁሉ ጎማው ደህና፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲጨመርበት ራሳችሁ ገምቱት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሦስቱም ታሪኮች አሽከርካሪው ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው፣ ጥንቃቄያቸውም እኩል ነው። የተለየው ፍጥነቱ ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናው የሚመታበት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰው በብዛት በሚሄድበት መንገድ ላይ 30 የሚባለው ልክ ከዚህ ስሌት የመጣ ነው እንጂ አሽከርካሪን ለማናደድ የወጣ ቁጥር አይደለም።

የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪን ተመልከቱ። ከመንገዶቿ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፍጥነት ልካቸው አሁን 30 ነው። ከሐምሌ 2024 እስከ ሐምሌ 2025 ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በከተማዋ በትራፊክ አደጋ የሞተ አንድም ሰው የለም። በ2019 ደግሞ በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ አልሞተም። «እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ናቸው። ግን መኪናን ማቀዝቀዝ መኪናን ከማፍጠን ይረክሳል።

ታዲያ እንዴት ነው የሚቀዘቅዘው? ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው «30» የሚል ምልክት ወይም ትራፊክ ፖሊስ ነው። ሁለቱም ይረዳሉ፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። አሽከርካሪ ምልክቱን ከሚሰማው በላይ መንገዱን ይሰማል። ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ማዶው የሚታይ አስፋልት «ንዳው!» ይለዋል። እግሩ ሳያስበው ይጫናል። ጠበብ ያለ፣ ዛፍ የተተከለበት፣ መታጠፊያው አጭር የሆነ መንገድ ደግሞ ማንም ሳይቆጣው ያረጋጋዋል።

ልኬቱን ላንሳ። ከተማ ውስጥ ለአንድ የመኪና መስመር 3 ሜትር ገደማ ይበቃል። አውቶቡስ የሚሄድበት ከሆነ ወደ 3.3 ሜትር ነው። ብዙ ቦታ ግን 3.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጠዋል፤ ይህ የአገር አቋራጭ መንገድ ልክ ነው። ከ6 መስመር ላይ ግማሽ ግማሽ ሜትር ቢቀነስ 3 ሜትር ይተርፋል። ያ ደህና የእግረኛ መንገድ ነው፣ ወይም የብስክሌት መስመር ነው። ቤት ሳይፈርስ፣ መሬት ሳይነጠቅ የሚገኝ ቦታ ነው።

ማዕዘኑም እንዲሁ ነው። የመንገድ ጥግ ሰፋ ብሎ ከተቆለመመ መኪና ሳይቀንስ ይታጠፋል፤ የሚሻገረውም ሰው ረጅም አስፋልት ይጠብቀዋል። ጥጉ ጠበብ ቢል ሁለቱም ችግር በአንድ ጊዜ ይቃለላል። ሌላው ከፍ ያለ ዜብራ ነው። መሻገሪያው ከእግረኛ መንገዱ እኩል ይነሳል። መኪናው ሊወጣበት ሲል መቀነሱ የግድ ነው፤ በዊልቸር የሚሄደው ሰው ግን መውረድም መውጣትም አያስፈልገውም። የሰፈር ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሲሚንቶ የሚያበጁትን ጉብታ አይታችሁ ይሆናል። መሐንዲስ ቢያየው ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱም የመኪና ሆድ ይቧጥጣል። ሰዎቹ ግን የገባቸው ነገር ትክክል ነው። ምልክት ቢተክሉ ማንም እንደማይሰማቸው ያውቃሉ።

አሁን ወደ መሻገሩ እንምጣ፤ እግረኛ በብዛት የሚሞተው ሲሻገር ነውና።

በባለ 6 መስመር መንገድ ላይ የተቀባ ዜብራ ብቻውን ቀለም ነው። እንዲያውም አንዳንዴ ወጥመድ ይሆናል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ደግ አሽከርካሪ ይቆምልሃል። አመስግነህ ትገባለህ። በጎኑ የሚመጣው ሁለተኛው መኪና ግን አንተን አያይህም፤ የቆመው መኪና ሸፍኖሃል። በተለይ የቆመው ቅጥቅጥ ወይም አውቶቡስ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። መፍትሔው የታወቀ ነው። መኪናዎች ከዜብራው ራቅ ብለው እንዲቆሙ መስመር ይሰመራል። መሐል ላይ እግረኛ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ደሴት ይሠራል፤ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ ይሻገራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመስመሮቹን ብዛት መቀነስ ነው።

ድልድይስ? ብዙ ከተሞች «እግረኛውን ወደ ላይ እናውጣው» ይላሉ። እኔ ለዚህ መፍትሔ ብዙም ፍቅር የለኝም። የጭነት መኪና ከሥር እንዲያልፍ ድልድዩ ከ5 ሜትር በላይ መነሳት አለበት። ያ ከ30 ደረጃ በላይ ነው። መውጣቱ አለ፣ መውረዱም አለ። ልጅ ያዘለች እናት፣ ከአትክልት ተራ ዘንቢል ይዛ የምትመለስ ሴት፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ምን ያድርጉ? ከሥር ይሻገራሉ። ከዚያ «ድልድይ እያለለት!» ተብሎ ሟቹ ይወቀሳል። በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ መሐሉ በኮንክሪት ሲታጠር ሰው አጥሩን እየዘለለ መሻገሩን አላቆመም። እብድ ስለሆነ አይደለም። ቤቱ ወዲህ፣ ፌርማታው ወዲያ ስለሆነ ነው።

ከቀላል ባቡሩ መማር ያለብንም ይኸው ነው። በ2015 ሥራ ሲጀምር በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካም አዲስ ነገር ነበር። ብዙ ሰው አመላልሷል። ነገር ግን ሐዲዱ በመሬት በሚሄድበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው፣ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። ጎረቤት የነበረው ሰፈር ማዶ ሆነ። ሰው በሚበዛበት መንገድ ላይ መሻገሪያ በየ80 እና በየ100 ሜትሩ ቢኖር ይመከራል። ከዚያ ሲርቅ ሰው ዞሮ አይሄድም። ያቋርጣል። አንድ ዕቅድ አውጪ ቁጭ ብሎ ሰው የሚሻገርበትን ቦታ ቢመለከት ዜብራው የት መሆን እንዳለበት እግረኛው ራሱ ይነግረዋል።

ይህን የማየት ሥራ በአዲስ አበባ የተሞከረበት ጊዜ አለ። ለገሃር ላይ ያለው መስቀለኛ መንገድ ሰፊ የአስፋልት ሜዳ ነበር። መኪናው ከፈለገበት ይመጣል፣ ሰውም ከፈለገበት ይገባል። ከተማው ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ በቀለም፣ በአበባ ማስቀመጫና በመሰል ርካሽ ነገሮች መኪና የማይፈልገውን ቦታ ለእግረኛ ሰጠው። መርካቶ አጠገብ ሰባተኛም ላይ ተመሳሳይ ሥራ ተሠራ። የዚህ አሠራር ውበት መሞከር መቻሉ ነው። ቀለሙ ካልሠራ ይጠፋል። ከሠራ በድንጋይና በኮንክሪት ይጸናል። ሚሊዮኖች ፈስሰው ካለቁ በኋላ «ተሳስተናል» ከማለት የተሻለ ነው።

በእግረኛ መንገዱ ላይ ብዙ አልቆይም። ሁላችንም ክዳኑ የጠፋ ማንሆል ዘለን፣ በላዩ ላይ የቆመ መኪና ዞረን፣ አስፋልት ላይ ወርደን ሄደናል። ያልተደናቀፈ ንጹሕ መሄጃ ቢያንስ 1.8 ሜትር ይፈልጋል፤ ሁለት ዊልቸር የሚተላለፍበት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን ልበል። መንገዱ ሲታቀድ ሊስትሮው፣ የቡናዋ ሴት፣ የሎተሪው ልጅና የጉልት ነጋዴዋ እንደ ቆሻሻ መታየት የለባቸውም። ሰው ያለበት መንገድ በማታ ለሴት ልጅ ከባዶ መንገድ ይሻላታል። ከመሄጃው ውጪ፣ ከዛፉና ከመብራቱ መስመር ጎን የራሳቸውን ቦታ መስጠት ይቻላል። ቦታ ካልተሰጣቸው የሚቀመጡት መሄጃው ላይ ነው።

ብስክሌትን በተመለከተ የሚነሳው የመጀመሪያ ቅሬታ ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ናት፤ አይካድም። ግን ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም ከነዋሪዎቿ ተለይቶ አያውቅም። አዲስ አበባም ብትሆን ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ የሚከብድ ዳገት የላትም። ሰው የሚፈራው ከዳገቱ ይልቅ ከኋላ የሚመጣውን መኪና ነው። ለዚህ ነው መሬት ላይ የተሰመረ ነጭ መስመር የማይበቃው። መስመሩ በጠዋት የብስክሌት ነው፣ በረፋድ የሚኒባስ ፌርማታ ይሆናል። በከርብ (ከፍ ባለ የድንጋይ ጠርዝ) ወይም በአበባ መደብ መለየት አለበት። ደግሞም መቀጠል አለበት። 2 ኪሎ ሜትር የሚያምር መስመር ሄዶ ሄዶ አደባባይ አፍ ላይ ቢበተን፣ ብስክሌተኛውን በጣም አደገኛው ቦታ ላይ ጥሎት ጠፋ ማለት ነው። አደጋ የሚበዛው መጋጠሚያ ላይ ነውና ንድፉ መጀመር ያለበት ከዚያ ነበር።

ሆላንዶች ብስክሌት ላይ ተወለዱ የሚመስለን አለን። አይደለም። በ1971 በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በመንገድ ላይ ሞተ፤ ከ400 በላዩ ልጆች ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ። «የልጆቻችን መገደል ይቁም» አሉ። ዛሬ የምናየው መንገድ የመጣው ከዚያ ጩኸትና በዚያው ሰሞን ከተከሰተው የነዳጅ እጥረት በኋላ ነው።

አሁን የሕዝብ ትራንስፖርት። ብዙ ሰው ይህን ከእግር ጉዞ ለይቶ ያየዋል። አንድ ናቸው። አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ወደ ፌርማታው በእግሩ ሄዷል፤ ወርዶም በእግሩ ይሄዳል። ፌርማታው በጨለማ ከተዋጠ፣ ዝናብ መጠለያ ከሌለው፣ መድረሻው ጭቃ ከሆነ፣ አውቶቡሱ ወርቅ ቢሆን ዋጋ የለውም።

የቦታ ሒሳቡን ደግሞ እንመልከት። 3 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መስመር ለግል መኪና ከተሰጠ በሰዓት የሚያሳልፈው ከ600 እስከ 1,600 ሰው ነው። ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ከተሰጠ ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። ለብስክሌት 7,500 ገደማ፣ ለእግረኛ 9,000 ገደማ ይደርሳል። የአውቶቡስ መስመር ባዶ የሚመስለን ስለዚህ ነው። 70 ሰው የያዘው አንበሳ ወይም ሸገር በአንዴ ሹልክ ብሎ ያልፋል፤ 70 ሰው በግል መኪና ቢመጣ ግን ሰልፉ እስከ ቀጣዩ መብራት ይደርሳል። «መስመሩ ባዶ ነው፣ ይከፈትልን» የሚለው አሽከርካሪ የሚያየው መኪናውን እንጂ ሰውን አይደለም።

ታክሲዎቹን መውቀስም ቀላል ነው። መሐል መንገድ ላይ ያቆማሉ፣ ይሽቀዳደማሉ፣ «ወራጅ አለ!» ሲባል ወዲያው ይቆርጣሉ። ግን ገቢያቸው በተሳፋሪ ቁጥር ነው። ቀድሞ የደረሰ ይጭናል። ዘግይቶ በጨዋነት የመጣ ባዶውን ይመለሳል። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ይህንኑ ችግር ታውቀዋለች፤ የአውቶቡሶቹን ሽቅድምድም «የሳንቲም ጦርነት» ይሉት ነበር። በታኅሣሥ 2000 ትራንስሚሌኒዮ የተባለው ፈጣን አውቶቡስ ሲጀመር የተለወጠው መስመሩ ብቻ አልነበረም። በዚያ መስመር የሚሠሩት ኩባንያዎች ክፍያ በአመዛኙ በተጓዙት ኪሎ ሜትር ሆነ። መሻማቱ ትርጉም አጣ። የእኛም ሚኒባስ ሾፌርና ረዳት ሥልጠና ብቻ ከሰጠናቸው በማግስቱ ወደ ሽሚያው ይመለሳሉ። የሚከፈሉበት መንገድ ካልተለወጠ ጠባይ አይለወጥም።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ፌርማታ ከመጋጠሚያ በፊት ሲሆን ወራጁ በአውቶቡሱ ፊት ለፊት ለመሻገር ይገባል፤ የሚያልፈው መኪና አያየውም። ከመጋጠሚያው በኋላ ከሆነ ወራጁ ከአውቶቡሱ ጀርባ፣ ዜብራው ላይ ይሻገራል። 30 ሜትር ወደፊት መግፋት ነው፤ ለዚህ ብድር አያስፈልግም።

ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ብዙ ተለውጣለች። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ገብቷል፣ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ማታ ወጥቶ የሚንሸራሸረውን ቤተሰብ ያየ ሰው ይህን ሊክድ አይችልም። በታኅሣሥ 2018 «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ የታየው ፍላጎት ከድሮም ነበረ። በሌላ በኩል ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ሰዎች አሉ። በእግራቸው ሥራ ይደርሱ የነበሩ ሰዎች አሁን የታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው። መሐል ከተማ ያለው እግረኛ መንገድ ቢያምርም የእነሱን ጉዞ አስረዝሟል። ይህን በአውቶቡስ ካልካስነው ዕቅዱ ግማሽ ነው።

በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለአየሩ መልካም ነው። ለሚሻገረው ልጅ ግን ለውጥ የለውም፤ ባትሪው ከባድ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲመጣም ድምፁ ብዙም አይሰማም። የ13 ሜትሩ ሒሳብ እንዳለ ነው።

በሰፈራችሁ መንገድ ሊሠራ ነው ተብሎ ንድፍ ሲታይ ሥዕሉ ላይ ያለውን ዛፍና ወንበር ተዉት። ምን ያህል መስመር አለው? አንዱ መስመር ስንት ሜትር ነው? ከዜብራ እስከ ዜብራ ስንት ነው? መሐሉ ላይ ማረፊያ አለው? ብላችሁ ጠይቁ። የእግረኛ መብራት ካለውም ሰዓቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሰላው ሰው በሴኮንድ 1.2 ሜትር እንደሚራመድ ተቆጥሮ ነው። በዚያ ስሌት 24 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 20 ሴኮንድ ይሰጠዋል። በሴኮንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ግን 30 ሴኮንድ ያስፈልጋቸዋል። የተሠራም ከሆነ ጥጉ ላይ ቆሞ በስልክ መቁጠር ይቻላል። መንገዱ 24 ሜትር ሆኖ ሰዓቱ ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ወረዳው ጋ ሄዶ የሚነገር ቁጥር አገኛችሁ።